ብረት በኪሎ፣ ቀመር በፈቃድ

ብረት ነጋዴ ዋጋ የሚቆርጠው በኪሎና በቶን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የራሱ ማቅለጫ ሳይኖረው በብረት የሚነግድ ኩባንያ አለ። ኩዌስቴክ ይባላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ግሪጎሪ ኦልሰንና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት ሲሆን፣ ዋናው ሸቀጡ የብረት ቅልቅል ቀመር ነው።

በተለመደው አሠራር አዲስ ብረት የሚገኘው ቀላቅሎ፣ አቅልጦና ሰብሮ በመሞከር ነው። ገበያ እስኪደርስም ከ10 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኩዌስቴክ ስሌቱን በደረጃ ይከፍለዋል። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ አቶሞች እንዴት እንደሚያያዙ ያሰላል፤ ውጤቱ በብረቱ ውስጥ ለሚፈጠሩት ደቃቅ ቅንጣቶች ስሌት መነሻ ይሆናል፤ በመጨረሻም የብረቱ ጥንካሬ ይገመታል። ወደ ማቅለጫ የሚሄዱት የተመረጡት ጥቂት ቅልቅሎች ብቻ ናቸው።

ፌሪየም ኤስ53 የተባለውን ብረት እንውሰድ። ለአውሮፕላን የማረፊያ እግር በሚውለው የቀድሞ ብረት ላይ ዝገት እንዳይነካው መርዛማው ካድሚየም ይለበጥበታል። ኤስ53 ግን ጥንካሬው ሳይቀንስ ዝገትን በራሱ እንዲቋቋም የተነደፈ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከዚሁ ብረት የተሠራ እግር በአሜሪካ አየር ኃይል ቲ-38 አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ በረረ። ካርፔንተር ቴክኖሎጂ ብረቱን ለማምረት ፈቃድ ወስዷል።

ይሁን እንጂ ባለሀብት ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ኮምፒውተር የሙከራውን ብዛት ይቀንሳል እንጂ ሙከራን አያስቀርም። ኩባንያው ከተቋቋመ እስከዚያ በረራ ድረስ 13 ዓመት አልፏል። በቀመር ንግድ የሚገባ ካፒታል ለዚያን ያህል ጊዜ መታሰርን መቻል አለበት።