ጭቃና ፓራፋንጎ

ቁይ ላይ አዲስ ሞተር ጋራዥ ደጃፍ ሲቆም፣ የሚከቡት ወጣቶች ከቀለሙም ከፍጥነቱም በፊት የሚመረምሩት ቦታ አለ። አንዱ ጎንበስ ብሎ በፊት ጎማውና በፓራፋንጎው መሀል እጁን ይሰድዳል። ጣቶቹ ብቻ ከገቡ ራሱን ይነቀንቃል፤ መዳፉ ሙሉ ካለፈ «ይኼስ ክረምቱን ይወጣዋል» ብሎ ይነሣል።

ምክንያቱ መሬቱ ነው። ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። ለጤፍ የሚስማማው ጥቁር ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ሐምሌ ሲገባ ግን እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈው በሌላ ይደረባል፣ ወደ ፓራፋንጎው ሆድ እየተጠቀጠቀ ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶም የፊት ጎማው አልዞርም ይላል። ባለሞተሩ ይወርዳል፣ እንጨት ፈልጎ ይፈቀፍቃል፣ ጥቂት ይነዳና እንደገና ይወርዳል። በእግሩ የሚሄድ ገበያተኛ «በርታ» እያለው ያልፋል። ፓራፋንጎው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ቢል ኖሮ ያ ሰው እስካሁን ቤቱ ነበር።

እንዲህ ላለው አገር ታስበው የተሠሩ ሞተሮች አሉ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የግብርና ባለሙያና የጤና ተቆጣጣሪ ይዞት ሲመጣ ያየነው ያማሃ ኤጂ 100 ከእነርሱ አንዱ ነው። «ኤጂ» የተባለው ከግብርና በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ቃል ተቆርጦ ነው፤ መጀመሪያ የታሰበው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከብት ለሚያግዱ ገበሬዎች ነበር። 97 ሲሲ ብቻ የሆነች ትንሽ ሞተር ናት፤ ብልሃቷ ግን ብዙ ነው። ካቴናዋ ከዳር እስከ ዳር በሽፋን ስለተዘጋ ጭቃና አሸዋ አይበላውም። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። መቆሚያዋ በግራም በቀኝም ስለሆነ ተዳፋት ላይ በየትኛውም ጎን ትደገፋለች። ለዐይን አታምርም የሚላት ሰው አጋጥሞኛል። እኔ ግን እያንዳንዱ ብረቱ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ለጠየቀ ሰው መልስ ያለው ሞተር ሳይ፣ ውበት ይኼው ነው እላለሁ።

ሁለተኛዋ ዲቲ ናት። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ-1 የተባለውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር ለዓለም ሲያቀርብ ከአስፋልት ወጥቶም መሮጥ የሚችል፣ ቀላልና ተራ ሰው የሚገዛው ሞተር ምን እንደሚመስል አሳየ። በኋላ የመጡት ታናናሾቹም መልካቸው የታወቀ ሆነ፦ የፊት ፓራፋንጎው ከጎማው ርቆ ከመብራቱ ሥር የተንጠለጠለ፣ ማርሜታው ወደ ላይ የወጣ፣ አሞርዛተሩ ረጅም። ዋልካ የፈለገውን ያህል ቢለጠፍበት በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል መውደቂያ ቦታ አለው።

እነዚህ ሞተሮች ባለሁለት ስትሮክ ነበሩ። ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቁጥር አንዴ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ባለአራት ስትሮክ እንዳለው ያለ ቫልቭ የለውም፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይነድዳል። ያ ሰማያዊ ጭስና ያ ስል ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። በኋላ የጭስ ሕግ በየአገሩ ሲጠብቅ ፋብሪካዎቹ ወደ ባለአራት ስትሮክ ዞሩ። ነባር ነጂዎች ቅር አላቸው፤ አዲሱ ከበደ፣ ዳገት ላይ እንደ ድሮው ተወንጭፎ አይነሣም፣ ጋራዥ ሲገባም የሚፈታው ዕቃ በዛ አሉ። አላጋነኑም። ነገር ግን ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ሌላውንም ጎን ይናገራል። ባለሁለት ስትሮክ ጋዙ ሲለቀቅ ብዙም አይዝም፤ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደው መንገድ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ባለአራት ስትሮኩ በዝቅተኛ ማርሽ ራሱ እየያዘ ያወርዳል፤ ነዳጅም ይቆጥባል።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። በ2,500 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡራቶሩ ይህን አያውቅም፤ የለመደውን ቤንዚን ያፈስሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። በኮምፒውተር የሚመጠን የነዳጅ መርጫ ያለው አዲስ ሞዴል አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ለጮቄ ተራራ ግርጌ ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ሲበላሽ ግን እንደ ካርቡራቶር በመንገድ ዳር በጨርቅና በትንፋሽ አይጸዳም፤ ጥርጣሬውም እዚህ ላይ ነው።

በውጭው ዓለም ባለሞተሮች በአዲስ ሞዴል ላይ ካነሡት ቅሬታ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ በዱካቲ ፋብሪካ ሞተር ላይ የተነሣው ነው። ጣሊያናዊው ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፈው 916 እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ሲቀርብ ብዙዎች ከዚህ ያማረ ሞተር አልተሠራም ብለው ነበር። በ2003 ፒየር ቴርብላንሽ የነደፈው 999 ተተካ፤ ጎን ለጎን የነበሩት መብራቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደረቡ፣ የኋላ ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ ይይዝ የነበረው ክንድም ሁለት ሆነ። አዲሱ በ2003፣ በ2004 እና በ2006 የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮናን አሸነፈ። አፍቃሪዎቹ ግን ፊቱን አልወደዱትም፤ በ2007 የመጣው 1098 ጎን ለጎን መብራቱንና አንድ ክንዱን መልሶ ይዞ መጣ። ፋብሪካ እንኳን የሰውን ዐይን አሸንፎ አይዘልቅም። ቁይ ላይ እጁን ከፓራፋንጎ ሥር የሚሰድደው ልጅም ከእነዚያ ሰዎች በፍቅር አያንስም፤ ልዩነቱ ቅሬታው ወደ ፋብሪካው የሚደርስበት መንገድ አለመኖሩ ነው። እኔ ይህን ቅሬታ ዕውቀት ብዬ ነው የምሰማው።

ዛሬ መንገዱን የያዙት በብዛት የሕንዶቹ ባጃጅና ቲቪኤስ ናቸው። እዚህ «ባጃጅ» ሲባል ሰው የሚያስበው ባለሦስት እግሩን ነው እንጂ ኩባንያው ቦክሰር የሚባለውን ሞተርም ይሠራል። ቦክሰር ረጅምና ጠፍጣፋ ወንበር፣ ከኋላም ጠንካራ የብረት መጫኛ ስላለው ሰውም ጆንያም ይችላል። ስፖርተኛ መልክ ያላቸው ሞዴሎች ወንበራቸው ለሁለት ተከፍሎ የኋላው ከፍ ይላል፤ ወጣቱ መልኩን ይወድላቸዋል፣ እናቱን ገበያ የሚያደርስ ቀን ግን ሐሳቡን ይለውጣል።

የአንድ አገር ንድፍ ሌላ አገር ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት የኋላ ጎማውን ጎን መመልከት ይበቃል። ከሕንድ በሚመጡ ብዙ ሞተሮች በግራ በኩል የብረት መከለያ አለ። የተሠራው ወደ ጎን ለምትቀመጥ ሴት የሳሪ ልብሷ ጫፍ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ለእኛም ነጠላና ቀሚስ ይጠቅማል፣ ብዙ ሰው ግን ምን እንደሆነ ስለማያውቀው ያስፈታዋል። እባካችሁ አታስፈቱት። ሕንድ መንገዷን በግራ ስለምትይዝ ተሳፋሪው ከዳር የሚወጣው በግራ ነው፤ የሚግለው ማርሜታ ደግሞ በቀኝ ተቀምጧል። እኛ ቀኝ ይዘን ነው የምንሄደው፤ ከመንገዱ ዳር የሚወጣው ሰው ቀጥታ ማርሜታው ያገኘዋል። በባታቸው ላይ ክብ ጠባሳ ያላቸውን ሰዎች ሳይ ይኼ ይታወሰኛል።

ወደ ፓራፋንጎው ልመለስ። ለከተማ የታሰቡት ሞዴሎች ፓራፋንጎ ጎማውን ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይቺን ፓራፋንጎ ከፍ ያድርጉልኝ።»

«አዲስ አይደለችም እንዴ ልጄ? ገና የፋብሪካ ብሎኗን ሳትጠግብ?»

«ሐምሌ አይጠብቀኝማ።»

ጋሼም ብሎኑን ፈትተው ዝቅተኛውን ያወጡና ከመብራቱ ሥር ሌላ ያስራሉ። ይህም ዋጋ አለው። ጎማው የሚረጨው ጭቃ አሁን ወደ ሞተሩ ይበራል፣ በነፋስ በሚቀዘቅዘው ሞተር ክንፎች መሀል ገብቶ ይደርቃል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ፓራፋንጎውን ያስነሣ ሰው ማታ ማታ ሞተሩን ማጠብ ግዴታው ነው።

ሌላው አንገብጋቢ ለውጥ የእግር ማስነሻው መቅረት ነው። አዳዲስ ሞዴሎች በቁልፍና በጣት ብቻ ይነሣሉ። ሕንድ ውስጥ ሮያል ኤንፊልድ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲሱን ክላሲክ 350 ያለ እግር ማስነሻ ሲያወጣ፣ በእግር መትቶ ማስነሣትን እንደ ወግ የያዙት ወዳጆቹ አዘኑ። በእኛ ደጋ ነገሩ ከወግ ያልፋል። ውርጭ ባደረበት ማለዳ ባትሪው ደክሞ ሲያድር፣ በእግር የሚነሣ ሞተር ያለው ሰው ሦስት ጊዜ መትቶ ይሄዳል፤ ሌላው ቁልቁለት ፈልጎ ያስገፋል። ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞር ባለሙያ ሞተር ሲመርጥ ይህን ቢጠይቅ አልፈርድበትም። በእኔ አስተያየት ፋብሪካዎቹ ከተሳሳቱባቸው ለውጦች ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ጨዋታው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፤ ጮቄ ላይም ባሕር ዳርም ያው ነው። ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ካንዴላ የለው፣ ማርሽ መቀያየር የለው። ለዳገት ሰው ይህ ሁሉ የሚያስጎመጅ ነው። ባትሪው ብርድ እንደማይወድ፣ መብራት በሌለበት ቀበሌ ማደርም እንደማይሆንለት ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ባለፈው አንዱ ስልኩ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ፎቶ ሲያሳይ የከበቡት ልጆች ስለ ዋጋውና ስለ ባትሪው ተከራከሩ። ከመሀላቸው አንዱ ዝም ብሎ ቆየና ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው፤ የፊት ጎማው ላይ ሲደርስ አቆመ።