ማርሚታው ስንት ይሞቃል?

ክረምት ሲገባ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ ቻይና ጎዳና የሚመላለስ ሞተር ሳይክል ዝገቱን ቀድሞ የሚያሳየው ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ማርሚታው በሚታጠፈው ቱቦ ላይ ነው። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ ቀጥታ እዚያ ያርፋል። ቱቦው ይግላል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ መብራት ለቆ ሞተረኛው ጋዝ ሲሰጥ እንደገና ይግላል። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ፣ በጎዳናው ላይ የምናየው አብዛኛው ሞተር እንጀራ የሚበላበት ነው፤ ከኋላው ሣጥን ታስሮበት ቀኑን ሙሉ ይሮጣል። ባለቤቱ «ሴራሚክ ላስቀባው?» ብሎ ሲጠይቅ ለማማር ብቻ አይደለም። መልሱ ግን በሌላ ጥያቄ ይጀምራል፤ የሚቀባው ክፍል ምን ያህል ይሞቃል?

ሴራሚክ እየተባሉ የሚሸጡት መከላከያዎች ቢያንስ ሁለት የማይተካኩ ነገሮች ናቸውና። አንደኛው የመኪና እጥበት ቤቶች «ናኖ ሴራሚክ» የሚሉት፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣው ፈሳሽ ነው። በቀለም ላይ ሲታሽ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ተዋህዶ ስስ የሲሊካ ገለፈት ይሆናል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ማይክሮን አይዘልም። ውሃው ተንከባሎ ይወርዳል፣ ጭቃው በቀላሉ ይታጠባል፣ ቀለሙም በፀሐይ ቶሎ አይገረጣም። የመጨረሻው ጥቅም ለእኛ ከተማ ቀላል አይደለም፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ቦሌ አካባቢ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ለሰርባቶዮና ለፓራፋንጎ ይህ ፈሳሽ ገንዘቡን ያወጣል። ከተቀባ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ዝናብ እንዳይነካው፣ ለሳምንት ያህልም በሳሙና እንዳይታጠብ መጠንቀቅ ስለሚያስፈልግ ሥራው የጥቅምትና የኅዳር እንጂ የሐምሌ አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈችው «9ኤች» ግን ብዙ ሰው ታታልላለች። ከአልማዝ ቀጥሎ ያለ ጥንካሬ ትመስላለች። ልኬቱ ግን የእርሳስ ነው፤ ለስላሳና ጠንካራ እርሳሶች በተራ በሽፋኑ ላይ ተጭነው ሲጫሩ 9ኤች የተባለው ጠንካራው እርሳስ አልጫረውም ማለት ነው። የጎማ ጠጠር እርሳስ አይደለም። የጀመረ ዝገትንም ይህ ፈሳሽ አያቆምም፤ ከሥሩ አድርጎ ይሸፍነዋል እንጂ።

ሁለተኛው ዓይነት ለጋለ ብረት የተሠራው ነው። ዝርያው ሩቅ አይደለም፤ ነጭ ሆኖ ከንፈሩ ሰማያዊ የሆነው የድሮ የብረት ሳህን በ800 ዲግሪ ገደማ ብረት ላይ የቀለጠ መስታወት የለበሰ ነው። ያ ሳህን ሲወድቅ ልባሱ ተፈንቅሎ ጥቁር ብረት የሚታየው መስታወትና ብረት እኩል ስለማይለጠጡ ነው፤ የማርሚታ ቀቢም የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ሞተር ውስጥም ይኸው ትግል አለ። የተርባይን ምላጮች ብረቱን ሊያቀልጥ በሚችል ጋዝ መካከል የሚሽከረከሩት ከውስጥ በአየር እየቀዘቀዙ፣ ከላይ ደግሞ ኢትሪያ የተቀላቀለበት የዚርኮኒያ ሴራሚክ ለብሰው ነው። መሐንዲሶቹ ሴራሚኩን በቀጥታ ምላጩ ላይ አላሳረፉትም፤ መካከሉ ላይ ሌላ የብረት ቅይጥ አነጠፉለት። ሽፋን የሚኖረው ከሥሩ ባለው ነገር ልክ ነው።

ለሞተር ሳይክል የሚሆኑት ከዚህ ይቀላሉ። በዓለም ላይ ስሙ የሚነሳው የአሜሪካው ሴራኮት ሁለት ዋና ዋና ወገኖች አሉት፤ አንዱ ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ገደማ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚበስል ሲሆን ለእጀታ፣ ለካርተርና ለመሳሰሉት ይሆናል፤ ሌላው ያለ ምድጃ በአየር የሚደርቅ ሲሆን ለጭስ ቱቦ የተዘጋጀው እስከ 980 ዲግሪ እንደሚችል አምራቹ ይናገራል። ሁለቱም ስስ ናቸው፤ ምድጃ የሚገባው 25 ማይክሮን ገደማ ነው። ዋናው ድካም ከመርጨቱ በፊት ነው። ዘይቱ በአሴቶን ይወጣል፣ ብረቱ ሞቆ በቀዳዳው የተደበቀው ቅባት እንዲተን ይደረጋል፣ በአሸዋ ግፊት እስኪሻክር ይመታል፣ ከዚያ በባዶ እጅ አይነካም። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጎ «ሴራሚክ ቀባሁልህ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመ የቀለሙ ስም ምንም ቢሆን ሁለት ክረምት አይሻገርም። እኔ ብሆን ስለ ብራንዱ ከመጠየቄ በፊት አሸዋ መምቻውን አሳየኝ እል ነበር።

ሻሲው ሴራሚክ አያስፈልገውም። የአሉሚኒየም መስኮት የሚቀባበት የዱቄት ቀለም፣ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ያህል ወፍሮ፣ ጠጠርን የተሻለ ይችላል። በ200 ዲግሪ ገደማ የሚበስል ቀለም ግን ከሞተሩ አፍ የሚወጣ ቱቦ ላይ ቢቀባ ይጠበሳል። ቱቦው ወደ ወርቅማና ሰማያዊ ቀለም ከተለወጠ ቢያንስ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሶ እንደነበር ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ብዙዎች ወደሚስቱት ቦታ ልምጣ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጠራል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሞተር ይህን ውሃ በእንፋሎት ይተፋዋል። ከወሎ ሰፈር ኦሎምፒያ ደርሶ፣ ቆሞ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና የሚነሳ ሞተር ግን የማርሚታው ጅራት በደንብ ሳይሞቅ ውሃው ውስጡ ይተኛል። ማርሚታ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበላው ለዚህ ነው፤ በዚያ ላይ ውጩን ብቻ በውድ ማስቀባት ለሆዱ በሽታ ፊቱን መቀባት ነው። ቀቢው የውስጡንም ግድግዳ መድረስ ይችል እንደሆነ መጠየቅ፣ ካልቻለ ገንዘቡን በሚግለው የፊት ቱቦ ላይ ብቻ ማዋል ይሻላል። ብዙ ማርሚታዎች ከሥራቸው ውሃ የሚያንጠባጥቡባት ትንሽ ቀዳዳ አለቻቸው። ቀቢዎች ሳያውቁ ይደፍኗታል፤ ሞተሩን ከመረከብ በፊት በሽቦ ትፈተሽ።

አቅም ለማይፈቅድለት ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ስፕሬይ አለ። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በደረጃ ይሞቃል፣ መሃል መሃሉን ይቀዘቅዛል። ምድጃ ከሌለ ሞተሩን አስነስቶ ለጥቂት ደቂቃ፣ አጥፍቶ፣ ቀጥሎ ረዘም አድርጎ ማሞቅ ነው። ቀብቶ በዚያው ሰዓት ትዕዛዝ ለማድረስ የሚሮጥ ሞተረኛ በማግሥቱ ቀለሙን ሲረግፍ ያየዋል።

የማይቀቡትንም ቀቢው አስቀድሞ ይሸፍን። የሞተሩ አሉሚኒየም ክንፎች በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ወፍራም ልባስ ተጨምሮ ሙቀቱ እንዲታፈን አይደረግም። ኔጋቲቭ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ባዶ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ሴራሚክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ከተቀባ ሞተሩ አልነሳም ሲል ኤሌክትሪሺያን ያለ ምክንያት ባትሪ ያስቀይራል። ፍሬን ዲስክን ደግሞ ከሰርባቶዮ የተረፈች የናኖ ጠብታ እንኳ መንካት የለባትም።