ሙቱራ፤ የኬንያ የደም ቋሊማ

የእርድን ደም ለምግብ የሚያውሉ አገሮች ጥቂት አይደሉም፡፡ በስፔይን የቡርጎስ ሰዎች ከሩዝና ከሽንኩርት፣ በስኮትላንድ የስቶርኖዌይ ሰዎች ከአጃ ጋር እያዋሐዱ ቋሊማ ይሠሩበታል፡፡ በጎረቤታችን በኬንያም ሙቱራ የተባለ የደም ቋሊማ አለ፡፡ ከዚህ ቀጥለን ስለ እርሱ ለአንባብያን ጥቂት እናወሳለን፡፡

ሙቱራ በተለይ የኪኩዩ ሕዝብ ባህላዊ ምግብ ነው፡፡ በጥንቱ ልማድ ለድግስ ፍየል ሲታረድ ሙቱራውን ማዘጋጀት የወንዶች ድርሻ ነበር፡፡ ዛሬ ግን ከድግስ አልፎ የጎዳና ምግብ ሆኗል፡፡ በናይሮቢ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻጩ በመንገድ ዳር ከሰሉን ያቀጣጥላል፤ ከሥራ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛም በኪሱ ሳንቲም ልክ አስቆርጦ ቆሞ ይበላል፡፡ ንያማ ቾማ የተባለውን የሥጋ ጥብስ ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው የሥጋን ጣዕም የሚያገኘው በዚሁ ነው፡፡

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል፡፡ ደሙ በንጹሕ ዕቃ እንደ ተቀዳ እንዳይረጋ ወዲያው ይማሰላል፡፡ የፍየል ወይም የከብት አንጀት ተገልብጦ በብዙ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል፡፡ ደቆ የተከተፈ ሥጋና ጮማ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከድንብላል ቅጠል፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ይደባለቅና ደሙ ይጨመርበታል፡፡ ሲፈላ እንዳይፈነዳ አንጀቱ ከልክ በላይ አይጠቀጠቅም፤ ጫፎቹ ከታሰሩ በኋላ በለዘብተኛ እሳት ይቀቀላል፡፡ በእሾህ ሲወጋ የሚወጣው ፈሳሽ ቀይ ከሆነ ገና አልበሰለም ማለት ነው፡፡ በመጨረሻም ቆዳው እስኪጠብስና መዓዛው እስኪያውድ ድረስ በከሰል ላይ እየተገላበጠ ይጠበሳል፡፡ ሲቀርብም በእንጨት መክተፊያ ላይ ተቆራርጦ፣ ጨውና ካቹምባሪ የሚሉት የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ ይታከልበታል፡፡

ደም በብረት ማዕድን የበለጸገ ቢሆንም ፈጥኖ የሚበላሽ ነገር ነው፡፡ በጎዳና የሚገዛ ሰው አንጀቱ የት እንደ ታጠበ፣ እርዱስ ተመርምሮ እንደሆነ ሊያይ አይችልም፡፡ ስለዚህ ዋጋው ርካሽ የሆነው ምግብ በሕመም ውድ እንዳይሆን ሻጩን ማወቅና በደንብ የበሰለውን መምረጥ ያሻል፡፡ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሌላ አማራጭ ለሌለው ለዚያ የቀን ሠራተኛ ነው፡፡

በአገራችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ሆኑ ሙስሊሞች ደም አይበሉም፡፡ ለክርስቲያኑ ሕጉ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15፣ ለሙስሊሙም በቁርዓን ተደንግጓል፡፡ ስለሆነም በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሻገር ወገናችን ሙቱራ ሲቀርብለት ምን እንዳለበት አስቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፡፡ ባልንጀራው የሚበላውን መናቅ ግን አይገባውም፡፡ የእርድን አንዳች ነገር አለማባከን በእኛም ዘንድ የተከበረ ሙያ ነውና፡፡ ጨጓራና ጉበቱ ለዱለት ይውላል፡፡ የከብት ሥጋም ደቆ ተከትፎ፣ በሽንኩርትና በቅመም ታሽቶ በአንጀት ይሞላና በጢስ ደርቆ ቋሊማ ይሆናል፡፡ ቋሊማችን ያለ ደም ይሠራ እንጂ የሚጠይቀው ጥበብ ከሙቱራው አይለይም፤ አንጀቱን አጥርቶ ማጠብ፣ ሙሌቱን መመጠን፣ እሳቱን መጠበቅ ነው፡፡ ይህን ሙያ ከእናቶቻችን ልንማረው እንጂ ልንተወው አይገባም፡፡