ስለ ከረጢት ጥቅምና ስለ ሠሪው ክብር

እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው እጅ ሁለት ነው፤ ሰው ይዞት ሊሄድ የሚያስፈልገው ነገር ግን ብዙ ነው። ከረጢት ይህን ጉድለት ይሞላል። እኛም በየቤቱ ተሰቅሎ ሲኖር ልብ የማንለው ይህ ዕቃ ስንት ዓይነት አገልግሎት እንዳለው፣ ለሠሪውም ምን ያህል ክብር እንደሚገባው ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናስረዳ ወደድን።

በመጀመሪያ ገበሬውን እንመልከት። ከጆንያ አስቀድሞ እህሉን ከአውድማ ወደ ቤት፣ ከቤትም ወደ ገበያ ያደርስለት የነበረው ስልቻ ነው። ስልቻ የሚሠራው ከፍየል ቆዳ ነው፤ ይኸውም ቆዳው በሆዱ በኩል ሳይቀደድ እንደ ሸሚዝ ተገልብጦ ይወጣል፤ ጠጕሩ ይፋቃል፤ እስኪለሰልስ ድረስ ይታሻል፤ እግሮቹ ይታሰሩና አንገቱ አፍ ይሆናል። ታናሹ ቀልቀሎ ይባላል፤ ሁለቱ እጅግ ስለሚመሳሰሉ «ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ» ተብሎ ተተርቷል። ብረት ቀጥቃጩም እሳቱን የሚያናፋበት ወናፍ ነፋስ የሚሞላ ስልቻ ነው። ያለ ወናፍ ማረሻ አይቀጠቀጥም፤ ያለ ማረሻም እንጀራ የለም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ብንሄድ፣ የብራና መጽሐፍ የሚኖረው ማኅደር በሚባል የቆዳ ከረጢት ውስጥ ነው። ማኅደሩ ማንገቻ ስላለው መጽሐፉ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ካህኑም መንገድ ሲሄድ በትከሻው ያነግተዋል። ለብዙ መቶ ዓመታት የቆዩልን መጻሕፍት ከዝናብና ከአቧራ የተጠበቁት በዚሁ ነው። የቆሎ ተማሪም የዕለት ምግቡን የሚለምንበት አኮፋዳ አለው፤ በዚህ አኮፋዳ ከተመገቡት መካከል ስንት ሊቃውንት ወጥተዋል።

በቤት ውስጥም እናት ልጅዋን በአንቀልባ አዝላ ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። ልጁም ካደገ በኋላ በትምህርት ቤት የጨዋታ ቀን ሁለት እግሩን በጆንያ ውስጥ ከትቶ እየዘለለ ይሽቀዳደማል፤ ሲወድቅ ተመልካቹ ይስቃል፣ እርሱም አብሮ ይስቃል።

በመንግሥት ሥራ ደግሞ ከረጢት የአደራ ዕቃ ነው። ስለ ዲፕሎማቲክ ግንኙነት በ1953 ዓ.ም. በቪዬና የተደረገው ስምምነት የኤምባሲ የደብዳቤ ከረጢት እንዳይከፈትና እንዳይያዝ ደንግጓል። በአገራችንም የሕዝብ ድምፅ የሚጠራቀምበት ሣጥን በከረጢት ስም ኮሮጆ ይባላል።

እንግዲህ እህላችንን፣ መጽሐፋችንን፣ ልጃችንንም ሳይቀር ለቆዳ አደራ ስንሰጥ ኖረን፣ ያን ቆዳ ያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን መስደባችንና ከማዕዳችን ማራቃችን ምን ይባላል? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ማንም ሰው ሠራተኛን በሥራው ምክንያት እንዳይሰድብ ከልክለዋል፤ ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ ፋቂውም በዐዋጁ ታስበዋል። ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልጠፋም። ልጆችም ይህን ቃል የሚማሩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በወላጆቻቸው ማዕድ ዙሪያ ሲነገር ሰምተው ነው።

ስሱ የፕላስቲክ ከረጢት አንድ ቀን አገልግሎ በየወንዙ ይጣላል፤ ከብትም በልቶት ይታመማል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ እርሱን የሚገድብ ድንጋጌ የያዘው ስለዚህ ነው። በደንብ የለፋ ቆዳ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ስለዚህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ከረጢት ሲያሠሩ ሠሪውን በስሙ እንዲጠሩት፣ ዋጋውን ሳያጐድሉ እንዲከፍሉት፣ ወደ ቤታቸውም ሲመጣ ከሌላው እንግዳ ሳይለዩ እንዲያስቀምጡት እናሳስባለን። ልጆቻቸው ይህን ቢያዩ ሌላ ምክር አያሻቸውም።