አካል ከአንዱ፣ ድምፅ ከሌላው

እ.ኤ.አ. በ1977 «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ለእይታ ሲበቃ ተመልካቹን ያንቀጠቀጠው ገጸ ባሕርይ፣ ዳርት ቬደር፣ የሁለት ሰዎች ሥራ ነበር። ጥቁሩን ጭምብልና ካባ ለብሶ ካሜራ ፊት የቆመው ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው እንግሊዛዊው ክብደት አንሺ ዴቪድ ፕራውስ ነው። ድምፁ ግን የአሜሪካዊው ተዋናይ የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ጆንስ ንግግሩን በጥቂት ሰዓታት ቀድቶ ጨረሰ፤ ስሙ በፊልሙ ላይ እንዲጻፍ እንኳ አልፈለገም። ሲኒማ ቤት የገባው ሰው ግን ያየው አንድ ግዙፍ፣ አስፈሪ ፍጡር ብቻ ነው። ለመሆኑ ድምፅ ይህን ያህል ጉልበት ከየት ያገኛል?

መነሻው እስትንፋስ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር ማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል። ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ አድርገው መጀመሪያ «ስስስ»፣ ቀጥለው «ዝዝዝ» ይበሉ። በሁለተኛው ጊዜ ጣትዎን የሚነዝርዎ የአውታሮቹ እርግብግቢት ነው። በተለመደ ንግግር የአዋቂ ወንድ አውታሮች በሰከንድ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አካባቢ ይርገበገባሉ፤ የሴት 200 ጊዜ ገደማ። ወንዶች ሲጎረምሱ በቴስቶስትሮን ሆርሞን ምክንያት አውታራቸው ይረዝማል፣ ይወፍራል። ያን ጊዜ እርግብግቢቱ ስለሚዘገይ ድምፃቸው ይጎረናል።

ድምፅን ከድምፅ የሚለየው ግን መጎርነንና መቅጠን ብቻ አይደለም። የሁለት ክራሮች ጅማት በአንድ ቃና ቢቃኝ እንኳ፣ ገበቴያቸው ከተለያየ ድምፃቸው ይለያያል። የሰው ገበቴ ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው ክፍተት ሲሆን፣ በአዋቂ ወንድ ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የላንቃው፣ የጥርሱና የመንጋጋው ቅርጽ አንዳንዱን የድምፅ ሞገድ ያጎላል፣ ሌላውን ያዳክማል። ምላስና ከንፈር ደግሞ እንደ ልብ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ተናጋሪው ይህን ክፍተት በየቅጽበቱ መለዋወጥ ይችላል። የተዋናይ ሙያ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አድማጩም ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪው ፓስካል ቤሊንና ባልደረቦቹ በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ከሌላ ከማንኛውም ድምፅ ይልቅ ለሰው ድምፅ አብልጦ የሚነቃቃ ቀጠና እንዳለው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአንድ ሰከንድ ያነሰች ሰላምታ ብቻ ለ320 ሰዎች አሰሙ። አድማጮቹ ስለማያውቋቸው ተናጋሪዎች ጠባይ የሰጡት ግምት በእጅጉ ተመሳሰለ። ግምቱ በዋናነት የተመሠረተውም በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነበር፦ ይህ ሰው ይታመናል? ይህ ሰው ኃያል ነው?

መመሳሰል ማለት ግን ትክክል መሆን አይደለም። ለምሳሌ ድምፁ የጎረነነ ወንድ ግዙፍ ይመስለናል፤ በአዋቂ ወንዶች መካከል ግን የድምፅ መጎርነን ከሰውነት ግዝፈት ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው። የፊልም ባለሙያዎች ይህን ግምታችንን ይጠቀሙበታል። ጆንስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 በ«ላየን ኪንግ» የአንበሳው ንጉሥ የሙፋሳ ድምፅ ሆኖ ሲመጣ ሕፃናት ወደዱት እንጂ አልፈሩትም። አውታሮቹ ያው ናቸው። የተለወጠው የትንፋሹ ልስላሴ፣ የንግግሩ ፍጥነት፣ የዝምታው ርዝመት ነው። ዳርት ቬደርም ሙፋሳም ኃያላን ናቸው፤ የሚታመነው ግን አንዱ ነው።

እኛም ዘንድ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ይኸው ጥበብ ታይቷል። የልብ ወለዱ ገጸ ባሕርያት ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ ከአንድ ጉሮሮ ወጡ፤ አድማጩ ግን አንዱን ከሌላው ለመለየት አልተቸገረም። መድረክ የለም፣ ልብስ የለም፣ መብራት የለም። ፊታቸውን የሳለው የሰሚው አንጎል ነው፤ ቀለሙን ያቀበለው ደግሞ የተራኪው ድምፅ። ዛሬም መጽሐፉን ሲያነቡ የወጋየሁ ድምፅ የሚሰማቸው ብዙዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ድምፅ «የተፈጥሮ ስጦታ ነው» ሲባል ግማሹ እውነት ይቀራል። ጆንስ በልጅነቱ ክፉኛ ይንተባተብ ስለነበር ለስምንት ዓመታት ያህል ከቤተሰቡ ውጭ ከሰው ጋር እምብዛም አይነጋገርም ነበር። ሚሺጋን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ግጥም ጻፈ። መምህሩ ዶናልድ ክራውች የራሱ ሥራ ከሆነ በቃሉ እንዲወጣው ጠየቀው። ልጁ በተማሪዎች ፊት ቆሞ ሳይንተባተብ ተወጣው። ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎች ምት ያለውን፣ የሸመደዱትን ወይም የሚዘፍኑትን ነገር ሲሉ አንደበታቸው እንደሚፈታ ሳይንስም ያውቃል። ችግሩ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ጆንስ ዕድሜውን ሁሉ ቃላቱን እየመረጠ፣ ትንፋሹን እየመጠነ ኖረ። ያ ዓለም የወደደለት የረጋ፣ የተመዘነ አነጋገር የዚህ ትግል ፍሬ ጭምር ነው።

ስለዚህ በአንዲት ሰላምታ በሰው ላይ የምንሰጠው ፍርድ የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ሳይሆን ስለ ጆሯችን ልማድ ነው። በክፍላችንም እንደ ጆንስ የሚንተባተብ ተማሪ ይኖር ይሆናል። ቃሉን አንቀማው፣ አናጣድፈው፣ ዓይን ዓይኑን እያየን እስኪጨርስ እንስማው። የዚያ ልጅ ድምፅ ገና እየተሠራ ነው፤ ከሚሠሩት አንዱ ደግሞ ትዕግሥታችን ነው።