ሼል «እውነት»ንና «ሐሰት»ን ስለሚለይበት መንገድ

በኮምፒዩተር ላይ በጽሑፍ ትእዛዝ ለሚሠራ ሰው፣ ሼል የሚባለው የትእዛዝ ተርጓሚ የዘወትር ባልደረባው ነው። ብዙ ትእዛዞችን በአንድ ፋይል ጽፈን ስክሪፕት ስናደርጋቸው ደግሞ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፤ ካልሆነ ያንን» ማለት የግድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሼል ይህን «ከሆነ» በምን እንደሚፈርደው ነው። ነገሩ ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ ፋይል በሚያጠፋ ስክሪፕት ውስጥ ግን እዚህ ላይ የተሠራ ስሕተት የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ «ኢፍ» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣው የሒሳብ ቀመር ሳይሆን ትእዛዝ መሆኑ ነው። ሼል ትእዛዙን ያስፈጽማል፤ ትእዛዙም ሲያበቃ ከ0 እስከ 255 ካሉት ቍጥሮች አንዱን ያስረክባል። ቍጥሩ 0 ከሆነ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነውና ሼል እንደ እውነት ይቀበለዋል፤ ከ0 ሌላ የሆነው ሁሉ እንደ ሐሰት ይቈጠራል። የሲን ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ይህ የተገለበጠ ይመስለዋል፤ በዚያ ቋንቋ ሐሰት የሚባለው 0 ነውና። በእኛ አስተያየት ግን አሠራሩ ምክንያት አለው። ሥራ ሲሳካ «ተሳካ» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ሲከሽፍ ግን ምክንያቱ ብዙ ነው። ስለዚህ 127 ትእዛዙ አልተገኘም፣ 126 ደግሞ ተገኝቶ ሊፈጸም አልቻለም ለማለት ያገለግላሉ።

ስቲቨን ቦርን በቤል ላቦራቶሪ የጻፈውና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው ሼል፣ «ኢፍ»ን በግልባጩ በ«ፊ» የሚዘጋው ከአልጎል 68 ቋንቋ በወሰደው ልማድ ነው። «ዱ»ም በ«ኦድ» ሊዘጋ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ስሙን ሌላ ፕሮግራም አስቀድሞ ስለያዘው «ደን» ተብሎ ቀረ።

አሁን ወደ «[» እንመለስ። ይህ ምልክት ተራ ቅንፍ ይምሰል እንጂ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው፤ «ቴስት» የሚባለው ትእዛዝ ሌላ ስሙ ነው። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የፕሮግራሞቹ ማኅደር ቢፈተሽ ስሙ «[» የሆነ ፋይል ይገኛል። ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ የሚሰጡት ቃላት በክፍት ቦታ መለያየት አለባቸው። [ 1 = 2 ] ብንል መልሱ እንደሚጠበቀው ሐሰት ነው። [ 1=2 ] ብንል ግን እውነት ይሆናል፤ «[» የደረሰው አንድ ቃል ብቻ ነውና፣ ባዶ ያልሆነ ቃል ሁሉ ለእርሱ እውነት ነው። [ 0 ] እንኳ እውነት ነው! ከዚህ የባሰው [ 5 > 9 ] ነው። ሼል «>»ን ያየው ውጤትን ወደ ፋይል የሚያዞር ምልክት አድርጎ ስለሆነ፣ ስሙ 9 የሆነ ባዶ ፋይል ይፈጥርና «እውነት» ይላል።

ቃላቱን የሚያሰናዳው ሼል እንጂ «[» አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ለስክሪፕቱ የተሰጠውን የመጀመሪያ ቃል ለመመርመር [ $1 = 5 ] ብንጽፍና ምንም ቃል ባይሰጥ፣ «[» የሚደርሰው [ = 5 ] ብቻ ነው። ይህንም ሊረዳው ስለማይችል 2 ብሎ ይመልሳል። "$1" ብለን በጥቅስ ብንከበው ባዶው ቃል ቦታውን ይዞ ስለሚቈይ ችግሩ ይወገዳል። በኮርን ሼልና በባሽ የሚገኘው [[ ]] ቃላቱን ስለማይበታትን ያለ ጥቅስም ይሠራል፤ ነገር ግን በሁሉም ሼል ውስጥ አይገኝም።

የነገሩ ዋና አደጋ ያለው በዚያ 2 ላይ ነው። ለ«[» 1 ማለት «አይደለም» ነው፤ 2 ማለት ግን «መመርመር አልቻልሁም» ነው። «ኢፍ» ሁለቱን አይለይም፤ ሁለቱንም ወደ «ኤልስ» ይሰዳቸዋል። ለምሳሌ አንድ ስክሪፕት የእያንዳንዱን ተማሪ ስም «ግሬፕ» በሚባለው ትእዛዝ ከመዝገብ ፋይል ይፈልጋል እንበል፤ ስሙ ካልተገኘ ተማሪው ለቋል ብሎ የሥራ ማኅደሩን ያጠፋል። «ግሬፕ» ስሙን ካገኘ 0፣ ካላገኘ 1፣ ፋይሉን መክፈት ካልቻለ 2 ይመልሳል። መዝገቡ ያለበት ዲስክ አንድ ሌሊት ሳይያያዝ ቢቀር፣ መልሱ ለሁሉም 2 ነው። ስክሪፕቱም ትምህርቱን በመከታተል ላይ ያለውን ሁሉ ለቋል ብሎ ሥራውን ይደመስስበታል።

መድኃኒቱ ቍጥሩን ራሱን መመልከት ነው። ቍጥሩ $? በሚለው ምልክት ይገኛል፤ ቀጣዩ ትእዛዝ ስለሚለውጠው ግን ወዲያው በሌላ ስም መቀመጥ አለበት። ከዚያ በ«ኬዝ» 0 ሲሆን መተው፣ 1 ሲሆን ማጥፋት፣ ሌላ ማናቸውም ቍጥር ሲሆን ሳይነኩ ማቆም ነው። አንዳንዶች ስክሪፕቱ በከሸፈበት ቦታ ሁሉ እንዲቆም የሚያደርገውን «ሴት -ኢ» የተባለ ትእዛዝ ከላይ ጽፈው ይተማመናሉ። ትእዛዙ ግን «ኢፍ» ለምርመራ በሚያስፈጽመው ላይ አይሠራም፤ በ«&&» እና በ«||» ግራ ባለው ላይም እንዲሁ ነው።