የአባባ ደብተር

ወንድሜ ሰርጉን በመቶ ሰው ሊጨርስ ነበር ያሰበው። ሐይቅ ዳር ኒካህ፣ ምሳ፣ ፎቶ፣ አለቀ። አባባ ዝም ብሎ ሰማውና ከሳጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ ጋ ሰርግ ሲኖር ዳሱ በር ላይ ጽሕፈቱ የሚነበብ ልጅ ይቀመጥና እገሌ 500 ብር፣ እገሊት 300፣ እገሌ አንድ በግ እያለ ይመዘግባል። ስጦታ ይባላል እንጂ ብድር ነው። አባባ በጣቱ አንዱን ስም ነካ አድርጎ፣ «እህትህን ስድር በግ እየነዳ የመጣ ሰው ነው፤ ምን ብዬ አስቀረዋለሁ?» አለው። መቶው ሰው አራት መቶ ሆነ።

ስለዚህ ወጪውን የከፋፈልነው በሴት ወገንና በወንድ ወገን አይደለም። አባባ ዕዳውን ይመልስ፦ በሬውን፣ ዳሱን፣ እንጀራውን። ሙሽሮቹ ያማራቸውን ይክፈሉ፦ ቬሎ፣ ዲኮር፣ ካሜራ። ድስቱና ትሪው ከቅሬው (ከዕድራችን) ስለሆነ እሱ አላጣላንም። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሙክት ለብቻ ተገዛ፤ አርደው የሠሩትም እነሱው ናቸው። (ቀኑም የተቆረጠው ሁዳዴን፣ ረቡዕና አርብን ዘሎ ነው። ሥጋ የማይበላ ጎረቤት ይዞ ምን ሰርግ አለ!)

ጭቅጭቁ የመጣው ሙሽሪትን ለማምጣት ወደ ውጫሌ ስንሄድ ነው። በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይመጣል የተባለው ሰርገኛ በሁለት ደረሰ። የሙሽሪት እናት ፈገግ ብለው ተቀበሉን፤ ጓዳ ግን ወጡ ላይ ውኃ ሲጨመር በዓይኔ አይቻለሁ። ለመኪናዎቹ ኪራይ የከፈልነው እኛ፣ ያበላን እነሱ። እንግዲህ ቁጥሩን ያበዛው ወገን ለምሳውም ቢያዋጣ ምን ነበረበት?

ሙሽራው ለሙሽሪት በሚሰጠው መህር ላይ ግን ድርድር የለኝም። መህር የሙሽሪት ነው፣ የድግስ ማሟያ አይደለም። «ለጊዜው እንጠቀምበትና» የሚሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ያ ጊዜ ሲያልቅ አላየሁም።

ስለ ብድርም ልናገር። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ከጋብቻ በፊት የነበረውን ንብረት የግል፣ በጋብቻ ውስጥ የሚገኘውን ገቢ የጋራ ይለዋል። ወንድሜ ከኒካሁ ሳምንት ቀድሞ ከጓደኛው ተበደረ። የተከፈለው ግን ከሰርጉ በኋላ ከሁለቱም ደሞዝ፣ ማለትም ከጋራው ገቢ ነው። «ሰርጉን የደገሰው ወንዱ ነው» ሲባል ሚስቱ ለምን እንደምትስቅ አሁን ይገባኛል። ያልጠራቻቸው ሰዎች የታደሙበትን ሰርግ ዕዳ ዓመት ሙሉ ስትከፍል ከርማለች።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። ውጫሌ ያሉት የሚስቱ አጎት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ደብተሩ ላይ ስንት እንዳስመዘገቡ እንድመለከትለት ነው። 1,000 ብር።

«አሁን ስንት ይሁን?» አለኝ።

ሳልመልስለት ሚስቱ ከኋላው «በግ ይሁን» ስትል ሰማኋት።